ነጩ ልብስ የሌለበት ትግል

የባቼ ልጆች ስለ እኔ የሚያስታውሱትን አውቃለሁ፤ ከአናቶሚ ክፍል የፎርማሊን ሽታ ሸሽታ ኮሪደር ላይ የምትቆመዋን ቀጭን ልጅ ነው። አሁን በአርባዎቹ ዕድሜዬ ምንጣፍ ላይ ከሰው ጋር ስታገል አመሻለሁ ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም። የምሠራው አቡ ዳቢ ነው፣ ቀዶ ሕክምና። እዚያ ጁጁትሱ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ልጄን ላደርስ ሄጄ እኔው ቀረሁ።

የጀመርኩት በልብሱ ነው። ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ኮዶካንን ከመሠረተ በኋላ የተለመደው ወፍራም የጥጥ ልብስ፣ ኮሌታውም እጅጌውም የሚጨበጥ። የኮዶካን ሰው የነበረው ማኤዳ ሚትሱዮ በ1914 ብራዚል ሲገባ፣ የግሬሲ ወንድሞች ትምህርቱን ከነልብሱ ወረሱት። ታዲያ ጨርቅ መጨበጥ ጣት ይበላል። በሁለተኛ ዓመቴ የቀለበት ጣቴ መገጣጠሚያ አብጦ፣ አንድ ጠዋት ኦፕሬሽን ላይ ስፌት ስቋጥር ክሩ አመለጠኝ። ረዳቴ ቶሎ ያዘው፤ በሽተኛዋ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። በሳምንቱ «ኖ-ጊ» ወደሚባለው ክፍል ዞርኩ፤ ቁምጣና ጠባብ ካናቴራ፣ በቃ።

ዘመን ያመጣው ነገር መስሎኝ ነበር። ኧረ የት! የእንግሊዝ ላንክሻየር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጃኬት ሳያስፈልጋቸው «ካች» የሚባለውን ትግል ይታገሉ ነበር። ዊጋን ከተማ የቢሊ ራይሊ ጂም ነበር፤ እዚያ የሠለጠነው ካርል ጎች ጃፓን ሄዶ አስተማረ። ጁዶን ለዓለም የሰጠችው ጃፓን ያለ ጃኬት መታገልን ከአውሮፓ ሰው ስትማር ማየት ደስ ይለኛል። ብራዚልም ውስጥ ቢሆን ልብሱ ተቀናቃኝ አላጣም። ሪዮ ላይ ዩክሊዴስ ሃቴም፣ በቅጽል ስሙ ታቱ፣ «ሉታ ሊቭሬ» የሚባለውን ነፃ ትግል አስፋፋ፤ በ1942 ጆርጅ ግሬሲን አሸነፈ። የሁለቱ ወገን ጠብ ግን አልበረደም። በ1991 በቴሌቪዥን በታየ ውድድር ጁጁትሱዎች ሦስቱንም ግጥሚያ ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደንቨር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ ሮይስ ግሬሲ ነጩን ልብስ እንደለበሰ ሦስት ሰው አስረክቦ አሸነፈ። ይሁን እንጂ ያ መድረክ ራሱ ኋላ ልብሱን ከለከለ። በ1998 ደግሞ ሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ እኔ ባለሁበት ከተማ ኤዲሲሲን ጀመሩ፤ ያለ ልብስ መታገል የራሱን ታላቅ ውድድር አገኘ። ሴቶች የገቡበት በ2005 ነው። ሰባት ዓመት መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ የነገረኝ ሰው የለም።

ልብሱ ሲቀር ሁሉ ነገር ይቀየራል። ላብ ያንሸራትታል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ የሚያዘው አንገት፣ ክርንና እግር ብቻ ነው። ከኋላ የሚያንቀውን ብራዚሎች «ማታ ሌዎን» ይሉታል፣ አንበሳ ገዳይ ማለት ነው፤ አያቴ ቢሰሙ ኖሮ ፎክረው ይነሱ ነበር። በትክክል ከተያዘ የሚዘጋው የአየር ቧንቧው ሳይሆን በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት ደም ሥሮች ናቸው፤ ሰውየው በአሥር ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። ቆዳ ከቆዳ ስለሚታሸም ጭርት እንደ ጉንፋን ይዞራል። ከልምምድ በኋላ ሳይታጠብ መኪና ውስጥ የሚገባ ሐኪም አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

እግር ላይ ደግሞ «ሂል ሁክ» አለ፤ ተረከዝ ተይዞ ጉልበት የሚጠመዘዝበት። ትልቁ የጁጁትሱ ፌዴሬሽን እንኳ በ2021 ነው የፈቀደው፣ እሱም ለቡናማና ለጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች፣ ያለ ልብስ ብቻ። ምክንያቱ ይገባኛል። ክርን ሲጠመዘዝ አስቀድሞ ያማል፤ ይህኛው ግን ሕመሙ ሲመጣ ጅማቱ አልቋል። ይህን ለሌሎች የማስረዳው እኔ ነበርኩ። አንድ ማታ ከእኔ በሃያ ዓመት የምታንስ ልጅ ተረከዜን ያዘች፣ ቀስ ብላም ጠበቀችኝ። መሬት መታ መታ አድርጌ እጅ መስጠት ነበረብኝ፤ እልህ ያዘኝ። ጧ ሲል ሁለታችንም ሰማነው። ልጅቷ አለቀሰች፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ለስምንት ሳምንት ኦፕሬሽን ክፍል አልቆምኩም። ተራቸው ለሌላ የተላለፈባቸውን በሽተኞች ዝርዝር እስካሁን ስልኬ ላይ አለኝ፤ አላጠፋሁትም። ጣቴን ላድን ልብሱን ትቼ ጉልበቴን ሰጠሁ ብዬ ለባለቤቴ ሳማርር፣ ልጄ ከማዶ ሆና፣ «እማዬ፣ ለምን መሬት አልመታሽም?» አለችኝ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ እሄዳለሁ። እግሬ ሲያዝ፣ ገና ሳይጠመዘዝ እመታለሁ።