ዜና ኵርዓተ ርእሱ

ከመቅደላ ስለ ተወሰደው፣ ብዙ ዘመንም ተሰውሮ ስለ ተገኘው ስለ ኵርዓተ ርእሱ ሥዕል እንጽፋለን። የምንጽፈውም በወሎ፣ በሐራ ሆነን ነው፤ መቅደላ ከተራራው ማዶ የወሎ አምባ ናትና፣ ነገሩ የቤታችን ነገር ነው።

ይህ ሥዕል ጌታችንን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳይ፣ በጣውላ ላይ የተሣለ ነው። የተሣለውም እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ ነው፤ ሠዓሊው የፍላንደርስ ሰው ነው የሚሉ አሉ፣ የፖርቱጋል ነው የሚሉም አሉ። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ያስይዙት ነበር፤ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ በ1736 ዓ.ም.፣ ሠራዊቱ በስናር ድል በተመታ ጊዜ ሥዕሉ ተማረከ። ኋላም ዋጋ ተከፍሎበት ተመለሰ፤ በጎንደርም ታላቅ ደስታ ሆነ።

በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ በጀኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። አፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው አረፉ። የብሪታንያ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው ነበረ። ወደ ንጉሡ እልፍኝ በገባ ጊዜ ሥዕሉን ከመኝታው በላይ ተሰቅሎ አገኘው፤ አወረደውም። የሞቱትንም ንጉሥ ፊት በወረቀት ነደፈ። ሌላው ምርኮ፣ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ፣ በ15 ዝሆንና 200 በሚያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ተራገፈ፤ በዚያም በጨረታ ተሸጠ። ሆምስ ለሙዚየሙ ብዙ የብራና መጻሕፍት ገዛ፤ ሥዕሉን ግን ለራሱ አስቀረው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡበት ዓመት፣ በ1864 ዓ.ም.፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን ይመልሱልን አሉ። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን የመጣው መልስ፣ ዱካው አልተገኘም፣ ወደ እንግሊዝም የመጣ አይመስለንም የሚል ነበር። በዚያ ወራት ሆምስ ወዴት ነበረ? በዊንድዘር ግንብ የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ሹም ነበረ፤ ከተሾመም ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ይህን ስንጽፍ ልባችን ይቃጠላል። ንግሥቲቱ ባታውቅ እንኳ፣ ሥዕሉ የት እንዳለ እርሱ ያውቅ ነበርና፤ ዝምታውንም ከወሰደበት ቀን ይልቅ የከፋ በደል እንለዋለን።

ነገሩ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1905፣ የሥዕሉ ፎቶግራፍ በለንደን በርሊንግተን መጽሔት በወጣ ጊዜ ነው። ሆምስ በ1911 ሞተ፤ ሚስቱም በ1917 በክሪስቲ የጨረታ ቤት ሸጠችው። በ1950 ዳግመኛ ለጨረታ ቀርቦ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ገዛው፤ ከዚያም ከሰው ዓይን ተሰወረ። በ1998 ማርቲን ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በፖርቱጋል መኖሩን አጣርቶ ባለቀለም ፎቶግራፉን አሳተመ። አፄ ዮሐንስ ከጠየቋቸው ከሁለቱ አንዱ ተመልሷል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ኢትዮጵያ ገና አልገባም።