ቶፕስፒን ፎርሃንድ በፓደል

ቶፕስፒን ፎርሃንድ በፓደል ስፖርት ኳሱ ወደፊት እየተሽከረከረ እንዲሄድ በመዳፍ በኩል የሚመታበት ስልት ነው። ስልቱ በቴኒስ ዋና የማጥቂያ መሣሪያ ሲሆን በፓደል ግን በሜዳው ግድግዳ ምክንያት ጥቅሙ የተወሰነ ነው።

ሜዳውና ራኬቱ

ፓደል በ1969 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ፣ አካፑልኮ ከተማ በኤንሪኬ ኮርኩዌራ ተጀመረ። ሜዳው 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ሲኖረው ዙሪያው በግድግዳና በሽቦ የታጠረ ነው፤ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ከመስታወት ይሠራል። ኳሱ መሬት ላይ አንድ ጊዜ ነጥሮ ግድግዳውን ቢነካም ጨዋታው ይቀጥላል። ራኬቱ ክር የለውም፤ ቀዳዳዎች ያሉት ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ የቴኒስን ያህል ሽክርክሪት መስጠት ይከብዳል። አንዳንድ ራኬቶች ሽክርክሪት ለመጨመር ሻካራ ገጽ አላቸው።

አመታቱ

ተጫዋቹ ራኬቱን ከኳሱ በታች ዝቅ ካደረገ በኋላ ወደፊትና ወደ ላይ እየጠረገ ይመታል። በዚህ ጊዜ የኳሱ የላይኛው ክፍል ወደፊት ይዞራል። የሚሽከረከረው ኳስ አየሩን ወደ ላይ ስለሚገፋ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህም በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ጉስታፍ ማግኑስ ስም «የማግኑስ ውጤት» ይባላል።

የግድግዳው ተጽዕኖ

ጠንካራ ቶፕስፒን ያለው ኳስ ወደ ኋላ ግድግዳ ሲደርስ ግድግዳውን የሚነካው ጎኑ ወደ ታች እየዞረ ነው። ከግድግዳው ጋር ሲፋተግ ወደ ላይ ይገፋና ከፍ ብሎ ወደ ሜዳው ይመለሳል። በቴኒስ ተቀባዩን ወደ ኋላ የሚያባርረው ምት፣ በፓደል ለተከላካዩ ጊዜና ምቹ ከፍታ ይሰጠዋል። በአንጻሩ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ (ስላይስ) ዝቅ ብሎ ስለሚነጥርና ከግድግዳው ብዙ ስለማይርቅ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው።

ጥቅም ላይ የሚውልበት ጊዜ

ቶፕስፒን ይበልጥ የሚጠቅመው ተጋጣሚዎቹ መረቡ አጠገብ ሲቆሙ ነው። መረቡን አልፎ ወዲያው የሚወርድ ኳስ እግራቸው ሥር ስለሚደርስ ከታች ወደ ላይ እንዲመቱ ያስገድዳቸዋል፤ ግድግዳውንም አይደርስም። ለዚህ ከኃይል ይልቅ ልክ ያለው ፍጥነት ይመረጣል። ተጫዋቹ ከጀርባው ግድግዳ ሲኖር እጁን ወደ ኋላ በሰፊው ለመሳብ ቦታ ስለማያገኝ አጭር እንቅስቃሴ ይጠቀማል።