ሰባት ዶላር አንቀበልም ያሉ ወዶ ዘማቾች

ቦስተን ከተማ መሐል፣ ከማሳቹሴትስ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት አንድ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በፈረስ የተቀመጠ ነጭ መኮንንና ከጎኑ ጠመንጃቸውን ተሸክመው የሚጓዙ ጥቁር ወታደሮች ይታዩበታል። ሥራዬ ምህንድስና ነው፤ በዚህ ከተማ ስኖር ለዓመታት በፊቱ ሳልፍ ዓይኔ የሚያርፈው በፈረሱና በፈረሰኛው ላይ ነበር። እግረኞቹ እነማን እንደሆኑ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። ያገኘሁትን መልስ ለአንባቢያን ማካፈል ወደድሁ። (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 መጀመሪያ የነፃነት አዋጁን ባወጁ ማግስት፣ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ጆን አንድሩ ጥቁሮችን ለጦርነት ለመመልመል ፈቃድ አገኙ። የማሳቹሴትስ 54ኛ የወዶ ዘማች እግረኛ ሬጅመንት የተቋቋመው በዚህ መንገድ ነው። ታላቁ የፀረ ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ለምልመላው ቀሰቀሱ፤ ልጆቻቸው ሉዊስና ቻርለስም ተመዘገቡ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ በሰሜን ግዛቶች ነፃ ሆነው የተወለዱ ነበሩ። ደቡቦች ከማረኳቸው ግን ባርነት ወይም ሞት እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ዘመቱ። አዛዣቸው ሮበርት ጉልድ ሻው የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ሜይ 28 ቀን 1863 አንድ ሺህ ያህል ሆነው ከቦስተን ተነሡ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 18 ቀን፣ በቻርለስተን ወደብ መግቢያ ያለውን የዋግነር ምሽግ እንዲያጠቁ ታዘዙ። የምሽጉን አሠራር ባየሁ ጊዜ አዘንሁ። በአሸዋና በዘንባባ ግንድ የተገነባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከባሕርና ከየብስ መድፍ ሲወርድበት አሸዋው ጥይቱን እየዋጠ ዝም አለ፤ ጠባቂዎቹም ከምሽጉ ሥር ባለው መጠለያ ተሸሽገው ቆዩ። መግቢያው ደግሞ በባሕርና በረግረግ መሐል ያለ ጠባብ የአሸዋ መንገድ ነው። ሲመሽ 600 ያህሉ የ54ኛ ወታደሮች ከሁሉ ቀድመው በዚያ መንገድ ሮጡ። ከ270 በላይ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም የገቡበት ጠፋ። ሻው በምሽጉ ግንብ ላይ ወደቀ፤ ደቡቦችም ከወታደሮቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት። አባቱ ግን አስከሬኑ ከዚያ እንዳይነሣ፣ ከወታደሮቹ ጋር እንዲያርፍ ጠየቁ። ባንዲራውን ቆስሎም ሳይጥል ያወጣው ዊልያም ካርኒ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ የተቀበለው በ1900 ነው።

እኔን ከዚህ ውጊያ ይበልጥ የነካኝ የደመወዙ ጉዳይ ነው። ሲመዘገቡ የተነገራቸው እንደማንኛውም ወታደር በወር 13 ዶላር እንደሚከፈላቸው ነበር። የጦር ሚኒስቴር ግን ለጥቁር የጉልበት ሠራተኞች የታሰበውን የ1862 ሕግ ጠቅሶ 10 ዶላር ነው አለ፤ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጣል። የቀረው 7 ዶላር ነው። 54ኛው አንቀበልም አለ። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ልዩነቱን ከራሱ ካዝና ሊሞላ ቢወስንም ይህንንም እምቢ አሉ። የጎደለባቸው ስድስት ዶላር ብቻ አልነበረማ! አስር አለቃ ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ ለሊንከን በጻፈው ደብዳቤ የጠየቀው፣ እኛ ወታደሮች ነን ወይስ የቀን ሠራተኞች ብሎ ነው።

እምቢታው ቀላል አልነበረም። ገንዘቡን ያልወሰዱት ወታደሮቹ ቢሆኑም፣ የተራቡት ሳይጠየቁ የቀሩት ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ናቸው። በሌላ የጥቁሮች ሬጅመንት፣ በሦስተኛው ሳውዝ ካሮላይና፣ ሃምሳ አለቃ ዊልያም ዎከር በደመወዙ ምክንያት ጓዶቹን አስተባብሮ ጠመንጃ ስላስቀመጠ በ1864 በጥይት ተደበደበ። 54ኛው ገንዘቡን እንጂ ውጊያውን እምቢ አላለም። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1864 ፍሎሪዳ ውስጥ ኦልስቲ በተባለ ቦታ ጦሩ ተሸንፎ ሲያፈገፍግ፣ ቁስለኞች የጫነው ባቡር ሞተሩ ተበላሸ። የደከሙት የ54ኛ ወታደሮች ወደ ኋላ ተመልሰው ባቡሩን በገመድ አስረው ለብዙ ኪሎ ሜትር በእጃቸው ጎተቱት። ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለመሐንዲስ አይነገርም። እነዚህ ሰዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ከፌዴራሉ መንግሥት አንዲት ሳንቲም ደመወዝ አልተቀበሉም። ጉዲንግ እዚያው ኦልስቲ ተማርኮ በዚያው ዓመት በእስር ሞተ።

በጁን 1864 ኮንግረሱ ደመወዙን እኩል አደረገ። ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ክፍያ የሚያገኙት ግን ኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነፃ የነበሩት ብቻ እንዲሆኑ ደነገገ። በመካከላቸው ባሪያ የነበሩም ስላሉ፣ የሻው ተተኪ ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል መሐላውን በብልሃት አዘጋጀ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ያለ ዋጋ የመሥራት ዕዳ አልነበረብንም ብለው እንዲምሉ። ባሪያም የነበረ ሰው በንጹሕ ልብ ይህን ሊምል ይችላል፤ በእግዚአብሔር ፊት የማንም ባለዕዳ አልነበረምና። ከ18 ወር በኋላ ገንዘባቸውን ሙሉ ተቀበሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። በመጀመሪያው የሥራ ቦታዬ፣ ከጎኔ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ባልደረባዬ ከእኔ በላይ እንደሚከፈለው ባወቅሁ ጊዜ ዝም አልሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ አገር ቤትም ገንዘብ የሚጠብቁ ነበሩ። ብዙ አንባቢ ይህን ዝምታ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ልጆቹን ለማብላት ያነሰውን የተቀበለ ሰው አይወቀስም። ነገር ግን እኔ ዝምታዬን ለዓመታት ጨዋነት ብዬ እጠራው ነበር። የ54ኛውን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ግን በዚያ ስም አልጠራውም።

ሐውልቱ በ1897 ሲመረቅ በጀርባው የተቀረጹት የወደቁት ነጭ መኮንኖች ስሞች ነበሩ። በውጊያው የሞቱት ጥቁር ወታደሮች ስም የተጨመረው ከ85 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። እኛም ስለ ዓድዋ ስናወራ የራሶቹንና የደጃዝማቾቹን ስም እንዘረዝራለን፤ ስንቁን የተሸከመውንና በእግሩ የሄደውን ግን «ሠራዊቱ» ብለን እናልፈዋለን።

አሁን በዚያ ሳልፍ ፈረሱ ፊት አልቆምም። ወደ ጀርባው ዞሬ ስሞቹን አነባለሁ።