የዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች፦ በዋሽንግተን የአንድ ሰፈር ታሪክ

በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ ክፍል የሚገኘው ዩ ስትሪት ዛሬ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወቀው በሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ቢሆንም፣ ከእነርሱ አስቀድሞ የጥቁር አሜሪካውያን የንግድና የኪነ ጥበብ ማእከል እንደነበረ ሳይነገር ታሪኩ ሊጻፍ አይገባም። የዘር መድልዎ ጥቁሮችን ከመሃል ከተማው ሆቴልና ቲያትር ባገለለበት ዘመን ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ባንክ፣ ሆቴልና ቲያትር በዚሁ አካባቢ አቋቁመዋል፤ ለጥቁር ተመልካቾች የተሠሩት ሐዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር ደግሞ በ1922 ተከፍተዋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሰፈሩ ጋር የሚጎራበተው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲም ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ትስስር ያለው ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁት ከዚያ ነው።

ሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደላቸው ሲሰማ ከዩ ስትሪትና ከ14ኛው ጎዳና መገናኛ የተነሣው ሁከት ሱቆቹን በእሳትና በዝርፊያ አወደመ። አቅም ያላቸው ነዋሪዎች ወጡ፤ አደንዛዥ ዕፅ ገባ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ለመዘርጋት መንገዱ በመቆፈሩ፣ የተረፉት ነጋዴዎች ለዓመታት ደንበኛ እንደልቡ በማይደርስበት ጎዳና ላይ ቆዩ። በ1958 የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦል የተባለው ምግብ ቤት ይህን ሁሉ አልፎ ሳይዘጋ መቆየቱ ሊደነቅ ይገባል። የባቡሩ ጣቢያ በ1991 ሥራ ሲጀምር፣ የተዘጉ ሱቆች የበዙበትና ኪራዩ ዝቅ ያለ ሰፈር ተሳፋሪውን ይጠብቅ ነበር።

ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ከተማዋ የመጡት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሲሆን፣ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለመግባት ያለውን በር አሰፋላቸው። የከተማዋ የመጀመሪያ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የሚባለው ማማ ደስታ በ1978 በጆርጂያ አቬኑ የተከፈተ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ቀይ ባሕርና መስከረምን የመሳሰሉ ምግብ ቤቶች አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር በ18ኛው ጎዳና ላይ ተደረደሩ።

የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ፈተና እንጀራው ነበር። ጤፍ በአሜሪካ ገበያ ስላልነበረ ባለሙያዎቹ የስንዴ፣ የገብስ ወይም የበቆሎ ዱቄት እያዋሐዱ፣ ብዙዎቹም ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበትን የፋብሪካ ዱቄት እየተጠቀሙ ሊጡን ያቦኩ ነበር፤ አንዳንዶች ዓይን እንዲያወጣ ሲሉ ጋዝ ያለው ውኃ ይጨምሩበት ነበር። በዚህ መንገድ የተጋገረው እንጀራ ነጣ ያለና የለሰለሰ ቢሆንም የጤፍ እንጀራ ኮምጣጣ ጣዕም ይጎድለው ነበር። ምጣዱም ቢሆን ከሌላ ሕዝብ የተዋሱት ነው፤ ከኖርዌይ የመጡ ቤተሰቦች ለፍሳ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ክብና ሰፊ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ የሚመች ሆኖ በመገኘቱ በየሐበሻው ቤት ገባ። በ1980ዎቹ በአይዳሆ ክፍለ ግዛት ጤፍ መመረት ሲጀምር የእንጀራው መልክና ጣዕም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዚያም እንጀራን በየቤታቸው ጋግረው፣ በላስቲክ አሽገው ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍሉ ሴቶች ራሱን የቻለ ንግድ ፈጠሩ። ስለ ዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ሲጻፍ የምግብ ቤቶቹ ስም ጎልቶ የእነዚህ ሴቶች ድካም መደብዘዙ ፍትሐዊ አይደለም።

በ1990ዎቹ የአዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲወደድ ብዙዎች ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ዞሩ፤ ዱከም ምግብ ቤት በ1997 ዩ ስትሪት ላይ ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የ9ኛው ጎዳና አሮጌ ቤቶች በረንዳና ምድር ቤት ሳይቀር በሐበሻ ንግድ ተሞላ። አንድ ባልትና ቤት ከበርበሬና ሽሮ ጋር ጀበና፣ የዘፈን ካሴት፣ ነጠላና የስልክ ካርድ ይሸጥ ነበር፤ ታክሲ ነጂው ለቡና በገባበት የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ያነብ ነበር፤ ለቅሶ ያለበትንም የሚሰማው እዚያው ነበር። ሱቁ በውጭው ዓለም የእድርንና የሠፈር ቡናን ሥራ ደርቦ የያዘ መሆኑ ከሸቀጡ ዋጋ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ጉዳይ ነው።

በ2005 አካባቢ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መንደሩ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» እንዲባል ሲጠይቁ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ስያሜውም በዚያን ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ። ነጋዴዎቹ በባዶ ሱቆች ላይ ነፍስ እንደዘሩ አይካድም፤ ሆኖም የባዶነቱ ምክንያት የጎረቤቶቻቸው ኪሳራ ስለነበረ፣ የነዋሪዎቹ ቅሬታ ከምቀኝነት ሊቆጠር አይችልም። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱንም ወገን የሚገፋ ኃይል መጣ። ሰፈሩ ተወዳጅ ሲሆን በየአቅጣጫው ውድ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ ኪራይና የንብረት ግብር ናሩ፤ የምግብ ቤቶቹ ደንበኛ የነበሩት ቤተሰቦች ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ራቁ። ብዙ ነጋዴም ደንበኛውን ተከትሎ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ፤ እንጀራ የሚያከፋፍሉት መኪኖችም ዛሬ አብዛኛውን ጭነታቸውን የሚያራግፉት በእነዚህ የከተማ ዳርቻዎች ነው።