ድሩ ከቆላ፣ ጥለቱ ከባሕር ማዶ

የሽንፋ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ፣ ቆላውን አቋርጦ ሱዳን ሲገባ «ራሃድ» ተብሎ ስሙን ይለውጣል። በዚህ ቆላ የሚበቅለው ጥጥ ዕጣም ከወንዙ ዕጣ ብዙ አይርቅም። ጥጥ ሆኖ ይወጣል፤ ጨርቅ ሆኖ፣ በሌላ ስምና በሌላ ዋጋ፣ ወደ ቤት ይመለሳል። በምዕራብ ጎንደር አልጋው ምን ይልበስ፣ በሩ በምን ይጋረድ፣ መቀመጫው ላይ ምን ይነጠፍ የሚለው ተራ የጌጥ ጥያቄ መስሎ ይታያል። ውስጡ ሲገለጥ ግን ጥጡን ማን አመረተው፣ ማን ፈተለው፣ ማንስ ተቀመጠበት የሚል የታሪክ ጥያቄ ነው።

ለረጅም ዘመን፣ ለቤት ብቻ ተብሎ የሚገዛ ጨርቅ ሰፊው ሕዝብ አያውቅም ነበር። በደጋው ገበሬ ጎጆ መደቡን ቁርበትና አጎዛ ያለብሰዋል፤ ኑሮው የተሻለው ከበግ ጠጕር የተሠራ ዝተት ያነጥፋል። ቀን ትከሻ ላይ የዋለው ጋቢ ማታ የአልጋ ልብስ ነው። በቆላው ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ጨርቁን ይመርጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪን ስለሚያልፍ፣ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠለፈው አልጋ፣ ሱዳኖች አንገረብ የሚሉት፣ ነፋስ ከታች ያስገባልና ወፍራም ፍራሽ አይሻም፤ ሰሌን ይበቃዋል። ይህን ድህነት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ለአገሩ አየር የተገኘ ብልሃትም ነውና።

ጨርቅ ቤትን ማልበስ የጀመረው ከላይ፣ ከገዥዎች አዳራሽ ነው። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ግምጃ ማለት በሐርና በወርቀ ዘቦ የተሠራ የከበረ ጨርቅ ሲሆን፣ የመንግሥት ሀብት የሚቀመጥበት ቤት ስሙን ከዚሁ ወስዶ ግምጃ ቤት ተባለ። በጎንደር ቤተ መንግሥት መጋረጃ የሥልጣን ዕቃ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን ሲጽፍ፣ ንጉሡ ከሰው ዓይን ተሰውረው ተቀምጠው ቃላቸውን በቃለ ሐፄ አፍ ያሰሙ እንደነበር ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያንም መቅደሷን በመንጦላዕት ትጋርዳለች።

ከዚያ ዘመን ከተረፉት የቤት ጨርቆች ሁሉ የሚያስደንቀው፣ ቀዳዳ ባላቸው ከ300 በላይ ትናንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ድሩ እየተሽከረከረ፣ ሙሉ በሙሉ በሐር የተሠራው ታላቅ መጋረጃ ነው። ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለው አንደኛው ክፍል በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ፣ በቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። በላዩ የተሸመኑት ሰዎች ዐፄ በካፋን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ኢያሱን እንደሚያሳዩ የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሥዕሉና የእጁ ጥበብ ግን የአገር ነው። ምንትዋብ ደግሞ የቋራ ሰው ነበረች፤ ከዚሁ ከጥጥ አገር ወጥታ ሐርና ግምጃ ወደሚለበስበት አዳራሽ የገባች ሴት ናት። በእሷ ዘመን የተሣሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ ለምሳሌ በጣና ደሴት ላይ ያሉት የናርጋ ሥላሴዎቹ፣ የቅዱሳኑንና የእሷን የራሷን ልብስ በአበባና በሐረግ ያጌጠ የውጭ ጨርቅ አድርገው ያሳያሉ። ሠዓልያኑ ሳያስቡት የዘመናቸውን የጨርቅ ምርጫ መዝግበው አለፉ። የሥዕል ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራን ዓይናቸውን ከፊት ገጾቹ አንሥተው ወደ ልብሶቹ ቢያወርዱ ብዙ ያተርፋሉ።

ጥጡን ሸማ የሚያደርጉት እጆች የት ነበሩ? ሴቶች በየቤቱ ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ አመልማሎውን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ በጎንደር ሽመናው በአብዛኛው የእስላሞችና የቤተ እስራኤል ወንዶች ሥራ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የእስላሞቹ መንደር አዲስ ዓለም ከግንቦቹ በታች፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው ነው። ጨርቁ ወደ ላይ ወጣ፤ ሠሪው ከታች ቀረ። ይህ ንቀት ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚያሳየው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ማስፈለጋቸው ነው፤ ያልተስፋፋ ስድብ አዋጅ አያስወጣም።

እነዚህ የተናቁ ሸማኔዎች ግን ተለዋዋጩን የጨርቅ ፋሽን የተቀበሉበት መንገድ የራሳቸው ነበር። ብሩስ እንደሚነግረን፣ ሰማያዊ ቀለም ስላልነበራቸው ከሕንድ፣ ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ይተረትሩታል፤ ክሩን ነጥለው በራሳቸው ድር ውስጥ ያስገቡታል። ባዕዱ ጨርቅ ይፈርሳል፤ ከፍራሹ የሸማው ጥለት ይወጣል። የመጣውን ሁሉ እንዳለ ከማንጠልጠልም፣ በሩን ዘግቶ ከመቀመጥም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነበር።

ብሩስ የራስ ፊል አገረ ገዥ ተብሎም ተሹሞ ነበር፤ ራስ ፊል የዛሬው የመተማ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር የወጣውም በዚሁ መንገድ ወደ ሰናር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መንገዱ ላይ የቆመው የመተማ ገበያ ገነነ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ተክሩሮች ሰፍረው ጥጥ ያለሙበት ነበር፤ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፣ ጨርቅና ዶቃ ይገባል። የሰው ልጅም ይሸጥበት ነበር። በደጋው መኳንንት ቤት የተነጠፈ ከፋይ ሁሉ በምን እንደ ተገዛ ሲታሰብ፣ ይህ ሳይነሣ የሚታለፍ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ከነንዋያቸው ነደዱ። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። ገበያውም ከዚያ በኋላ የቀድሞ ግርማውን አላገኘም።

አቡጀዲ ግን በሌላ በር ገባ። መጀመሪያ ከአሜሪካ፣ ቀጥሎ ከሕንድና ከእንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ከጃፓን ይመጣ የነበረው ይህ ርካሽ ጨርቅ ከቀሚስነት አልፎ ድንኳን፣ የፍራሽ ልብስ፣ መጋረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ የአገር ጥጥ በአገር ማሽን ተፈትሎ አንሶላ የሚሆንበት ዘመን መጣ። በከተማ ቤቶች የእንጨት ሶፋ ገባ፤ የሴቶች እጅ የሠራው ዳንቴል በሶፋው መደገፊያ፣ በጠረጴዛውና በሬዲዮኑ ላይ ተዘረጋ። ዳንቴል ከውጭ የመጣ ነው ተብሎ አንዳንድ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን የመምህሩንና የጸሐፊውን ደመወዝ ሳይነካ ቤት ያስጌጠ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የእጅ ሥራ ነውና ንቀቱ አይገባውም።

በ1977 ዓ.ም. በ«ሙሴ ዘመቻ» ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ሱዳንን አቋርጠው ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ሱዳን የደረሱት በእግራቸው፣ በዚህ ምዕራባዊ ቆላ በኩል፣ ብዙዎቹም በመንገድና በመጠለያ ሠፈር እየሞቱባቸው ነበር። አባቶቻቸው ሲሸምኑት የኖሩት ጥጥ የሚበቅልበትን ምድር ረግጠው አለፉ ማለት ነው። በኋላም በቆላው ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የተሻለ ዋጋ እያወጣ የጥጡን መሬት ተሻማ። ገበሬው አልተሳሳተም፤ ልጁን የሚያስተምረው በሚሸጠው ነው።

ዛሬ በገንዳ ውኃም ሆነ በጎንደር ከተማ ሶፋ የሚገዛ ሰው የሚቀርብለት ምርጫ በአብዛኛው ከቻይናና ከቱርክ የሚመጣ ከፋይ መሰል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ ለመተማ ሙቀትና አቧራ ግን ማንም አስቦ አልሠራውም። በአዲስ አበባ በእጅ ሸማ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ እየሠሩ ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ሥራቸው ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ለገንዳ ውኃ መምህር አይቀመስም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በገበያው የተበተነው፣ በባሕር ማዶ ፋብሪካ የሐበሻ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሸማኔ እጅ ይመስላል፤ ዋጋው ትንሽ ነውና ብዙ ቤት ገብቷል። የሱራትን ጨርቅ ይተረትር የነበረው የጎንደር ሸማኔ ዛሬ ቢያገኘው በጣቱ ዳስሶ ያስቀምጠዋል። ጥለቱ ቀለም እንጂ ክር አይደለምና፣ የሚተረትረው ነገር የለውም።