የኬልቶች ዝምድና፦ በቋንቋ ወይስ በደም?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች የላከው መልእክት ሲነበብ የሰማ ሁሉ፣ ሳያስተውለው የኬልቶችን ስም ሰምቷል። ገላትያ ስሟን ያገኘችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 ዓመት ገደማ ከአውሮጳ ተሻግረው፣ በኋላም በዛሬይቱ አንካራ አካባቢ ከሰፈሩት የኬልት ነገዶች ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሊቁ ጄሮም፣ እነዚህ ሰዎች ከግሪክኛ ሌላ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸውና ይኸውም በሞዜል ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ትሬቬሪዎች ከሚናገሩት ጋር እጅግ የተቀራረበ መሆኑን ጻፈ። የዝምድናቸው ምስክር አድርጎ ያቀረበው ቋንቋን ነበር።

የዌልስና የአየርላንድ ሕዝብ ኬልት መባሉም ከቋንቋ የመነጨ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የግሪክና የሮማ ጸሐፍት በዚህ ስም የሚጠሩት የዋናውን አውሮጳ ነገዶች እንጂ የብሪታንያን ደሴቶች ነዋሪዎች አልነበረም። በኦክስፎርድ የአሽሞልያን ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ሉይድ በ1707 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዌልስን፣ የኮርንዎልንና የብረታኝን ቋንቋዎች ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ጌሊክ ጋር አስተያየ። ዌልሶች ራስን «ፔን»፣ አምስትን «ፒምፕ» ሲሉ አየርላንዶች «ክያን» እና «ኩግ» ይላሉ፤ በአንዱ «ፐ» ባለበት በሌላው «ከ» በሥርዓት ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በአጋጣሚ አይገኝም።

ዛሬ ግን ምራቅ ተቀብለው «ይህን ያህል በመቶ ኬልት ነህ» የሚል ወረቀት የሚሸጡ ድርጅቶች ሞልተዋል። የሙያ ባልደረቦቻችን እንኳ ይህን ወረቀት እንደ ታሪክ ሰነድ ሲጠቅሱት ይሰማልና ነገሩን መመርመር ይገባል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በብሪታንያ ገጠር የሚኖሩና አራቱም አያቶቻቸው በአንድ አካባቢ የተወለዱ 2,039 ሰዎችን የዘር ውርስ አነጻጽሮ ነበር። ብዙዎች አንድ ወጥ የኬልት ወገን ይገኛል ብለው ሲጠብቁ እንዲህ ያለ ወገን ታጣ። የኮርንዎል ሰዎች ከዌልስ ይልቅ ለእንግሊዝ የቀረቡ ሲሆኑ፣ ሰሜንና ደቡብ ዌልስም እርስ በርሳቸው ተለያይተው ተገኙ።

የጥንቱ አጥንት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በአየርላንድ ራትሊን ደሴት ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተቀበሩ ሦስት ወንዶች የዘር ውርሳቸው የዛሬዎቹን አየርላንዶች፣ ስኮቶችና ዌልሶች ይመስላል፤ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበር ግን አጥንታቸው አይነግረንም። በሌላ በኩል 793 የጥንት ሰዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት፣ ከ1000 እስከ 875 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደ ደቡብ ብሪታንያ ብዙ ሕዝብ እንደ ገባ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የኬልት ቋንቋን ያመጣው ይህ ፍልሰት ሊሆን ይችላል ይላሉ። አሳቡ ለደቡቡ ክፍል ያሳምናል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በስኮትላንድ የዘር ውርስ ላይ ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም፤ ቋንቋው ግን እዚያም ተነግሯል።

ኮርንዎልን እንመልከት። በ1777 እ.ኤ.አ. ያረፈችው ዶሊ ፔንትሪት ኮርኒሽን በአፍ መፍቻነት ከተናገሩት የመጨረሻዋ እንደ ነበረች በተለምዶ ይነገራል። ቋንቋው ከሕዝቡ አንደበት ሲጠፋ ሕዝቡ ከመሬቱ አልተነቀለም፤ የዓሣ አጥማጆቹ የልጅ ልጆች በዚያው ወደብ መረባቸውን በእንግሊዝኛ እየተነጋገሩ መጠገናቸውን ቀጠሉ።