ብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ (የምርጫ ክልል)

ብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ ከ1950 እስከ 1983 ለእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አንድ እንደራሴ ይልክ የነበረ የምርጫ ክልል ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ33 ዓመት ዕድሜው 13 ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶበታል፤ በ13ቱም ጊዜ አንደኛ የወጣው የሌበር ፓርቲ ዕጩ ነበር። ያም ሆኖ ከ1961 እስከ 1963 በክልሉ ስም ምክር ቤት የተቀመጡት በምርጫው የተሸነፉት የወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰው ናቸው። ክልሉ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣውም በዚሁ ጉዳይ ነው።

አመሠራረቱ

ብሪስቶል በምዕራብ እንግሊዝ በኤቮን ወንዝ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሴንት ጆርጅን የመሳሰሉት ምሥራቃዊ ሰፈሮቿ የሠራተኛ መኖሪያ ስለነበሩ ሌበር ሥር ሰድዶባቸው ኖሯል። የድሮውን ብሪስቶል ምሥራቅ ከ1931 ጀምሮ የወከሉት ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ነበሩ። በ1950 የክልል ወሰን እንደገና ሲሰመር ክሪፕስ አዲስ በተፈጠረው ብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ ተወዳድረው አሸነፉ። በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፤ ነገር ግን ሕመም ስለጸናባቸው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሁለቱንም ኃላፊነት ለቀቁ። ኅዳር 30 ቀን በተደረገው የማሟያ ምርጫ የ25 ዓመቱ አንቶኒ ዌጅዉድ ቤን፣ በኋላ ዓለም ቶኒ ቤን ብሎ የሚያውቃቸው፣ ወንበሩን ተረከቡ።

የአባት ማዕረግ

የቤን አባት ዊልያም ዌጅዉድ ቤን ራሳቸው የምክር ቤት ሰው ነበሩ። በ1942 ሌበር በሎርዶች ምክር ቤት ቁጥሩ እንዲጨምር ሲባል «ቪስካውንት ስታንስጌት» የሚል የዘር ማዕረግ ተሰጣቸው። ማዕረጉን ይወርሳል የተባለው የመጀመሪያው ልጅ ማይክል የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበርና በ1944 ሞተ፤ የወራሽነቱ ተራ ለቶኒ ደረሰ። በዘመኑ ሕግ የዘር ማዕረግ የወረሰ ሰው በታችኛው ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም፤ ማዕረጉን «አልፈልግም» ማለትም አይፈቀድለትም። ቤን ይህን ቀድመው ስላዩ በ1955 ውርሱን ለመተው የሚያስችል የግል ረቂቅ ሕግ እንዲቀርብላቸው ቢያደርጉም የሎርዶች ምክር ቤት ውድቅ አደረገው።

አባትየው ኅዳር 17 ቀን 1960 ዐረፉ። ልጅ በዚያችው ቅጽበት ሎርድ ሆኑ፤ የምክር ቤት ወንበራቸውንም አጡ። ጉዳዩን የመረመረው የምክር ቤቱ ኮሚቴ በ1961 መጋቢት ወር ማዕረጉን መተው አይቻልም ሲል ደመደመ። በክልሉም የማሟያ ምርጫ ተጠራ።

የ1961 ማሟያ ምርጫ

ቤን የተባረሩበትን ወንበር ለመያዝ እንደገና ተመዘገቡ። ይህን ማድረግ የቻሉት በእንግሊዝ የምርጫ አስፈጻሚው ሥልጣን የዕጩነት ቅጹ በትክክል መሞላቱን ከማረጋገጥ ስለማያልፍ ነው፤ ዕጩው ለመመረጥ ብቁ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እሱ አይወስንም። ተቀናቃኛቸው የወግ አጥባቂው ማልኮም ሴንት ክሌር ነበሩ። የሚገርመው እሳቸውም የሎርድ ሲንክሌር ማዕረግ ወራሽነት ተራ ይዘው የሚጠብቁ ሰው መሆናቸው ነው። የሴንት ክሌር ደጋፊዎች ለቤን የሚሰጥ ድምፅ ባክኖ እንደሚቀር የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ለመራጩ አሠራጩ። በሌላ ወገን የወግ አጥባቂዎቹ አንጋፋ መሪ ዊንስተን ቸርችል ለቤን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቤንም አባዝተው በክልሉ በተኑት።

ግንቦት 4 ቀን ድምፅ ሲቆጠር ቤን 23,275፣ ሴንት ክሌር 10,231 አገኙ። በ1959 ጠቅላላ ምርጫ የሁለቱ ፓርቲዎች ልዩነት ከ6 ሺህ በታች ነበር፤ አሁን 13,044 ሆነ። ማስጠንቀቂያው የቤንን መራጭ አላስፈራውም፤ እንዲያውም እልህ ሳያስይዘው አልቀረም። አሸናፊው ግን ምክር ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ በረኛው በአፈ ጉባኤው ትእዛዝ አላስገባም አላቸው።

ሴንት ክሌር ጉዳዩን ወደ ምርጫ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ቤን ያለ ጠበቃ ራሳቸው ተከራከሩ። ሁለቱ ዳኞች ሐምሌ 28 ቀን ውሳኔ ሲሰጡ፣ መራጮቹ የቤንን ብቁ አለመሆን እያወቁ ስለመረጡ ድምፃቸው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል አሉ። በዚህ ስሌት 10,231 ድምፅ ያገኙት ሰው እንደራሴ ሆኑ። ዳኞቹ የነበረውን ሕግ ነው የተረጎሙት፤ ነውሩ ያለው ሕጉ ላይ ነበር። ሴንት ክሌር በበኩላቸው ሕጉ ከተለወጠ ወንበሩን እለቃለሁ ሲሉ ቃል ገቡ።

የ1963ቱ ሕግ

የሕዝብ አስተያየት ስለበረታበት የወግ አጥባቂው መንግሥት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከዚያም የዘር ማዕረግን መተው የሚፈቅድ የማዕረግ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሐምሌ 31 ቀን 1963 በንግሥቲቱ ጸደቀ። ቤን በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ፈርመው፣ በሕጉ መሠረት ማዕረግ የተዉ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ሴንት ክሌርም ቃላቸውን አክብረው ለቀቁ። ነሐሴ 20 ቀን በተደረገው ማሟያ ምርጫ ወግ አጥባቂዎችም ሊበራሎችም ዕጩ አላቀረቡም፤ ቤን በ20,313 ድምፅ ሲመለሱ ተከታያቸው ኤድዋርድ ማርቴል 4,834 አገኙ።

የሕጉ ትልቁ ተጠቃሚ ግን የሌበር ሰው አይደለም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላን ሥልጣን ሲለቁ የተተኩት በሎርድ ሂዩም ነበር። እሳቸው ማዕረጋቸውን ትተው በታችኛው ምክር ቤት መቀመጥ የቻሉት ብሪስቶል ባስከፈተው በር ገብተው ነው።

ያ ዓመት ለከተማዋ በሌላም ነገር ይታወሳል። የብሪስቶል አውቶቡስ ድርጅት ጥቁሮችንና እስያውያንን በሾፌርነትና በቲኬት ቆራጭነት አልቀጥርም በማለቱ፣ በፖል ስቲቨንሰን አስተባባሪነት በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ ተጠራ። ቤን ወንበር ባይኖራቸውም አድማውን ደገፉ፤ የፓርቲያቸው መሪ ሃሮልድ ዊልሰንም እንዲናገሩበት አደረጉ። ድርጅቱ ክልከላውን ያነሣው ነሐሴ 28 ቀን፣ ቤን እንደገና በተመረጡ በ8ኛው ቀን ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከዚያ ወዲህ ያሉት ምርጫዎች ብዙ ወሬ የላቸውም። ቤን በ1964፣ በ1966፣ በ1970፣ በ1974 ሁለት ጊዜ እና በ1979 አሸነፉ፤ በመሐሉ የፖስታ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንዱስትሪና የኢነርጂ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ይሁንና ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን በያዙበት በ1979 ምርጫ የቤን ብልጫ ከ2 ሺህ በታች ወርዶ ነበር።

ክልሉን ያከሰመው የድንበር ማስተካከያ ነው። በ1983 ግዛቱ ለአጎራባች ክልሎች ተከፋፈለ። ቤን በብሪስቶል ደቡብ ለመወዳደር ጠይቀው የሌበሩ ማይክል ኮክስ በዕጩነት ምርጫው አሸነፏቸው፤ እንደገና በተቋቋመው ብሪስቶል ምሥራቅ ቀርበውም በ1,789 ድምፅ ልዩነት በወግ አጥባቂው ጆናታን ሳይድ ተረቱ። በ1984 ከቼስተርፊልድ ተመርጠው ወደ ምክር ቤት ተመለሱ፤ እስከ 2001 ድረስም ቆዩ። ብሪስቶል ምሥራቅን ሌበር መልሶ ያገኘው በ1992 በጂን ኮርስተን ነው።

በ1963ቱ ሕግ ማዕረግ የተወ ሰው የሚተወው ለራሱ ዕድሜ ብቻ ነው፤ ማዕረጉ አይጠፋም። ቶኒ ቤን በ2014 ሲሞቱ የመጀመሪያ ልጃቸው ስቲቨን ሦስተኛው ቪስካውንት ስታንስጌት ሆኑ፤ በ2021ም የሎርዶች ምክር ቤት ገቡ።